የትኩሳት ጋሪ

ብራንደን፣ ማኒቶባ፤ እ.ኤ.አ. 1909

ስመጣ ይወርዳል መጋረጃው ሁሉ፤
«ትኩሳት መጣ!» ብለው ልጆች ይሸሻሉ።
ሌላ ስም ነበረኝ እናቴ ያወጣችው፣
ሞዲ ፈረሴ ናት ዛሬ የምታውቀው።

ያኔ ጋሪው አዲስ፣ ቀለሙ ሳይለቅ፣
ሆስፒታሉ ነበር ከከተማው ሩቅ።
የመጨረሻውን የሳንቃ ቤት አልፌ
ሣር ብቻ፣ ሰማይ ብቻ፤ ጨለማውን ቀዝፌ
መቶ አርባ የስልክ እንጨት ቆጥሬ ስጨርስ
ኖራ የተቀባ አጥር፣ ፋኖስ፣ እፎይታ ለፈረስ።

ዘንድሮ ብቆጥር ሃያ ስድስት ቀረ።
ከተማው በባቡር ሲመጣ አደረ፤
ስንዴው መሬት አስወደደ፣ መሬቱ ሰው ጠራ፣
ጎዳናው እግር አውጥቶ ወደ እኛ ተመራ።
የሚስተር ክሮዚየር አዲሱ ሰገነት
ከሕሙማኑ መስኮት አንድ የድንጋይ ውርወራ ርቀት፤
እዚያ ቁጭ ብሎ ፊርማ ያሰባስባል፦
«ይህ ቤት ይነሣልን፣ የመሬት ዋጋ ይጥላል።»
አነበብኩት እኔም። እጅ ጽሑፉ ያምራል።
ወዴት እንደሚነሣ ግን ወረቀቱ አይልም፤
ሁልጊዜ «ወዲያ» ነው። ወዲያ ስም የለውም።

ሚስ ትዌዴል በበሩ አንሶላ ሰቅላለች
በካርቦሊክ ነክራ፤ እጇ ተልጦ ትስቃለች።
አባቶች በመሰላል መስኮት ላይ ይወጣሉ፣
በመስታወት በኩል ለልጅ ያወራሉ፤
ትንፋሻቸው ጉም ሆኖ ፊቱን ይሸፍናል፣
በመዳፍ ይጠርጉታል፤ ተመልሶ ይጎማል።
የልጅ ደብዳቤ በምድጃ ይጋገራል፣
ጠርዙ ቡኒ ሆኖ ለእናት ይላካል።
አንድ ሕግ አለ አጭር፣ በር ላይ የተጻፈ፦
ይቃጠል፣ ከታመመ ጋር ደጁን ያለፈ፤
መጽሐፍም ቢሆን፣ ጥብጣብም ቢሆን፣
እስኪነጋ አይቆይም፤ እንዲያ ነው ሕጋችን።

ሃልዶራን የወሰድኳት በጥር ሌሊት ነው፣
ውርጩ የሞዲን ሪዝ በነጭ ሲያሸብተው።
አባቷ ተሸክሞ ጋሪው ውስጥ አስገባት፤
ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጉሮሮዋን እየዘጋት
ድምጿ እንደ ደረቅ ሣር፦ «ጌታዬ፣» አለችኝ፣
«ሎፓ ያለ እኔ አትተኛም፤ አያቃጥሉብኝ።»
ሎፓ ከካልሲ የተሰፋች አሻንጉሊት፣
አንድ ዓይኗ ቁልፍ፣ ሌላው ጥቁር ክር የዞረበት።

ፋኖሱን አዞርኩት። ማንም አላየኝም።
ካፖርቴ ሥር ከተትኳት።
«አኖርልሻለሁ፤ ስትድኚ ትወስጃታለሽ» አልኩ።
ሰው በብርድ ብዙ ይላል።

ዓርብን አላለፈችም።
ሳጥኑን የወሰድኩ እኔው ነኝ፤
ሞዲ እንኳ አላላባትም።

ሎፓ ግን ከጋጣው፣ ከወራጁ በላይ
ተቀምጣለች እስካሁን፣ በአንድ ዓይኗ ስታይ።
ላቃጥላት ሁለት ሌሊት እሳት አንድጄ ነበር፤
ለእናቷ ልሰጣት ሦስት ጊዜ ሄጄ ነበር።
በሦስተኛው ታናሽ ወንድሟ በር ከፈተልኝ፣
ሳቅ ብሎ ጓንቴን ነካ፤ ያን ጊዜ ብርድ ያዘኝ።
«አድራሻ ተሳስቼ ነው» ብዬ ተመለስኩ።

የጎረቤቴ ልጅ፣ አልፊ፣
ለሞዲ ካሮት ያመጣ ነበር፤
ከከተማው ልጆች ሁሉ
እሱ ብቻ አይሸሽም ነበር።
አሁን የምጮህበት እኔ ነኝ፦ «አትግባ!»
አጥሩ ሥር ካሮቱን ጥሎ ይሄዳል፣ ሆዱ እየባባ።
ለአንዲት ልጅ ያዘንኩት ልብ
ጋጣዬን ለይቶ ማቆያ አደረገው፤
ቁልፉ በእኔ አንገት ነው።

ፊርማው ሞላ አሉ። ለሚያዝያ ተቀጠረ።
የሞዲ ጫማ ተለወጠ፣ መንኮራኩሩ ታሰረ።
አዲሱን መንገድ ሄጄ አየሁት ትናንት፦
ሣር ብቻ፣ ሰማይ ብቻ፤ እንጨት አልተተከለበት፣
የምቆጥረው የለኝም።

ሎፓን ይዣት እሄድ እንደሆነ
አልወሰንኩም።
ማታ ማታ ሞዲ
ቀና ብላ ወራጁን ታያለች።
እኔ አላይም።